ሐኪሙ መድኃኒቱን አስቀድሞ ስለ መቅመሱ

በካናዳ፣ በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት፣ የመጠጥ ሱሰኞችን ኤል ኤስ ዲ በተባለው መድኃኒት ያክሙ የነበሩ ሐኪሞች አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ይኸውም መድኃኒቱን ለሕመምተኛ ከመስጠት በፊት ራሳቸው መቅመስ ነው። መድኃኒቱ ስሜትንና የጊዜን ርዝመት ስለሚለውጥ፣ በዚያ ሰዓት ለተጨነቀ ሰው ምን መናገር፣ መቼስ ዝም ማለት እንደሚገባ ያልቀመሰ አይረዳም ይሉ ነበር። ብሉዌትና ችዌሎስ በ1959 ያዘጋጁት መመሪያም ይህንኑ ያሳስባል። ነቃፊዎች ግን ቀማሹ ሐኪም የመድኃኒቱ ወዳጅ ይሆናልና ውጤቱን በትክክል አይመዝንም አሉ፤ ነቀፋውም ከንቱ አልነበረም።

ከእነዚሁ ሐኪሞች አንዱ ሐምፍሪ ኦዝመንድ በ1956 በአገሩ ተወላጆች የጸሎት ሥርዓት ላይ ተገኘ። ሥርዓቱ በድንኳን ውስጥ፣ በእሳት ዙሪያ፣ በከበሮና በመዝሙር እስኪነጋ ይቆያል፤ ፔዮቴ የሚባል ቁልቋል መሳይ ተክልም ይበላል። ኦዝመንድ አብሮ በላ፤ ባልደረቦቹ ተቀምጠው ተመለከቱ። መሪው «የመንገድ ሰው» ይባላል፤ ሙያውንም የሚማረው ከምእመናን ጋር ብዙ ሌሊት በመቀመጥ እንጂ አንድ ጊዜ በመቅመስ አይደለም። ሐኪሞቹ ከዚህ የወሰዱት መቅመሱን ነው፤ ረጅሙን ደቀ መዝሙርነት ግን ከቶ አልወሰዱም ለማለት ይቻላል።

በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት በ2020 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ሕግ ሌላ መንገድ ይዟል። ሲሎሳይቢን የተባለውን የእንጉዳይ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አጠገቡ ሆኖ የሚረዳው ሠልጣኝ ቢያንስ 120 ሰዓት ትምህርትና 40 ሰዓት ልምምድ ይጠየቃል፤ መቅመስ ግን ግዴታው አይደለም።