ጀልባው እንደ ድሮው አልሮጥ ሲል

በጣና ሐይቅ ላይ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱ፣ ጎብኚዎችንም ወደ ገዳማቱ የሚያደርሱ ብዙ ጀልባዎች የሚንቀሳቀሱት ከኋላቸው በሚታሰር የቤንዚን ሞተር ነው፡፡ የእነዚህን ጀልባዎች ባለቤቶች ከሚያስቸግሯቸው ነገሮች አንዱ መነሻው በቀላሉ የማይታወቅ ብልሽት ነው፡፡ ሞተሩ ወዲያው ይነሳል፣ ድምፁም ደህና ነው፤ ነገር ግን ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ እንኳ ጀልባው እንደ ድሮው አይሮጥም፡፡

ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የሐይቁ ሰው ያውቀዋል፡፡ ጠዋት ጸጥ ብሎ የነበረው ውኃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳበት ይናወጣል፡፡ ከነፋሱ በፊት ዳር መድረስ የነበረበት ጀልባ ከነተሳፋሪዎቹ መሀል ሐይቅ ላይ ሊያዝ ይችላል፡፡ ቤንዚኑም ቢሆን ያለ ጥቅም ያልቃል፡፡ ታዲያ ካንዴላ ከመቀየር፣ ካርቡሬተር ከማስፈታት ወይም አዲስ ፕሮፔለር ከመግዛት በፊት መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፡፡ ፍጥነቱ ሲቀንስ የሞተሩ ዙር አብሮ ቀንሷል ወይስ አልቀነሰም?

መጀመሪያ መለካት

ማንኛውም ሞተር ነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ሊደርስበት የሚገባ የዙር መጠን አለው፡፡ መጠኑ በአምራቹ መመሪያ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ለብዙ መካከለኛ ሞተሮች በደቂቃ ከ4,500 እስከ 5,500 ወይም ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ነው፡፡ ዙር የሚያሳይ ጌጅ የሌለው ጀልባ ላይ በካንዴላው ገመድ የሚጠመጠም አነስተኛ ዲጂታል ቆጣሪ መጠቀም ይቻላል፡፡ ፍጥነቱን ደግሞ በእጅ ስልክ ጂፒኤስ ማወቅ ይቻላል፡፡ ነፋሱ እንዳያሳስት በአንድ መስመር ሄዶ መመለስና የሁለቱን አማካይ መያዝ ተገቢ ነው፡፡ ስንት ሰውና ምን ያህል ነዳጅ እንደተጫነም መመዝገብ አለበት፡፡ 12 ሰው የጫነ ጀልባን ሁለት ሰው ከጫነ ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውምና፡፡

ዙሩ ደህና ሆኖ ፍጥነቱ ከቀነሰ

በዚህ ጊዜ ሞተሩ ጉልበቱን አላጣም፤ ጉልበቱ ግን ውኃውን በሚገባ እየገፋ አይደለም፡፡ ነገሩን በቁጥር እንመልከተው፡፡ ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር፣ ማርሹ በግማሽ የሚቀንስ ከሆነ ፕሮፔለሩ 2,500 ጊዜ ይዞራል፡፡ የፕሮፔለሩ እርምጃ 12 ኢንች ቢሆን፣ ምንም ሳይንሸራተት በአንድ ዙር 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደፊት ይሄድ ነበር፡፡ ይህም በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፡፡ በተግባር ግን ቀላልና ፈጣን ጀልባ ከ10 እስከ 20 በመቶውን በመንሸራተት ያጣል፤ ከባድ ጀልባ ደግሞ ከዚያም በላይ፡፡ ዋናው ነገር ልዩነቱ ከቀድሞው መብለጡ ነው፡፡

ተጠርጣሪዎቹ ጥቂት ናቸው፡፡ የተጣመመ ወይም ጫፉ የተበላ ፕሮፔለር አንዱ ነው፡፡ ሁለተኛው በፕሮፔለሩ መሀል ያለው ጎማ ነው፡፡ ጎማው ከለቀቀ ዘንጉ ይዞራል እንጂ ፕሮፔለሩ እኩል አይዞርም፡፡ በፕሮፔለሩ እምብርትና በዘንጉ ጫፍ ላይ በአንድ መስመር ምልክት አድርጎ፣ በሙሉ ጉልበት ነድቶ ሲመለሱ ምልክቶቹ ከተለያዩ ጎማው መልቀቁ ታወቀ ማለት ነው፡፡ ሦስተኛው ሞተሩ ከፍ ብሎ መታሰሩ ወይም ዘንበል ማለቱ ሲሆን፣ ፕሮፔለሩ ከውኃ ይልቅ አየር እንዲመታ ያደርገዋል፡፡

እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የታየው እምቦጭም በፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፡፡ አረሙ ሲጠራ የዓሣ መረብ ክር ከዘንጉ ሥር ተጠምጥሞ እንደሆነም ማየት ይበጃል፡፡ ክሩ የዘንጉን ማኅተም ከቆረጠ ውኃ ወደ ማርሹ ይገባል፤ የማርሹም ዘይት ወተት ይመስላል፡፡ ፕሮፔለር ከመንካት በፊት ግን ሞተሩን ማጥፋትና ቁልፉን ወይም የደኅንነት ገመዱን መንቀል ግድ ነው፡፡

ዙሩም ፍጥነቱም ከቀነሱ

እዚህ ላይ ሁለት ዕድሎች አሉ፤ ወይ ሸክሙ በዝቷል፣ ወይ ሞተሩ ደክሟል፡፡ ለመለየት ጀልባውን በሁለት ሰው ብቻ መንዳት ይበቃል፡፡ ዙሩ ወደ ቦታው ከተመለሰ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም፡፡ ከወለሉ ሥር የተጠራቀመ 100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ ግራም ነው፡፡ ውኃ የጠጣ ፎም፣ በጀልባው ሆድ ላይ የበቀለ አልጌም እንዲሁ ይጎትታሉ፡፡

ባዶውንም ከደከመ ምርመራው ከቀላሉ ይጀመር፡፡ ሞተሩ ጠፍቶ ነዳጅ መስጫው ሲሳብ የካርቡሬተሩ በር እስከ መጨረሻው ይከፈታል? ካልተከፈተ የረዘመው ኬብል ነው፡፡ ቀጥሎ ጀልባው በሙሉ ጉልበት እየሄደ ሌላ ሰው በነዳጅ ቱቦው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ይጭመቅ፡፡ ፍጥነቱ ከተመለሰ ችግሩ ነዳጅ እንደልብ አለመድረሱ ነው፡፡ ፓምፑ ራሱ ጠፍጥፎ ከተገኘ ደግሞ ከበርሜሉ በኩል መዘጋት አለ፤ የበርሜሉ የአየር ቀዳዳ ተዘግቶ እንደሆነም መታየት አለበት፡፡ ከዚያ በኋላ ካንዴላዎቹ ይታዩ፡፡ ከሌሎቹ የተለየ እርጥብ ካንዴላ ያለበት ሲሊንደር እየሠራ ላይሆን ይችላል፡፡ በመጨረሻም ኮምፕሬሽን ይለካ፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚበልጥ ልዩነት ካለ ጉዳዩ የመካኒክ ነው፡፡

ከሞተሩ ጎን የሚወጣው ቀጭን ውኃ ከደከመም ጉዞው መቆም አለበት፡፡ የማቀዝቀዣው መግቢያ በአረም ተደፍኖ ወይም የውኃ ፓምፑ ጎማ አልቆ ይሆናል፡፡ አንዳንድ ሞተሮች ሲግሉ ራሳቸውን ለማዳን ዙራቸውን ይቀንሳሉ፡፡

የከፍታው ነገር

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፡፡ የተለመደው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ በፋብሪካው 40 ፈረስ ጉልበት የተባለው እዚህ ወደ 33 ይወርዳል፡፡ ስለዚህ ለባሕር ጠረፍ የተመረጠ ፕሮፔለር ለጣና ይከብዳል፡፡ እርምጃውን በአንድ ኢንች መቀነስ ዙሩን ከ150 እስከ 200 ያህል ከፍ ያደርገዋል፡፡ በሙሉ ጋዝ ከተወሰነለት ዙር በታች ዘወትር የሚሠራ ሞተር ፒስተኑን ይጎዳል፡፡

ሆኖም ከፍታው ሁሉን ነገር አይሸከምም፡፡ አምና በዚሁ ሐይቅ ላይ ደህና ይሮጥ የነበረ ጀልባ ዘንድሮ ከደከመ፣ የሐይቁ ከፍታ አልተለወጠምና ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት፡፡ ከፍታው ቀዳሚ ተጠርጣሪ የሚሆነው ሞተሩ ወይም ፕሮፔለሩ ከዝቅተኛ አገር አዲስ ሲመጣ ነው፡፡

ለዚህ ሁሉ ፍርድ ማነጻጸሪያ የሚሆነው ጀልባው ጤነኛ በነበረበት ቀን የተጻፈ ቁጥር ነው፡፡ ዙሩን፣ ፍጥነቱንና ጭነቱን በደብተር የያዘ ባለቤት መካኒኩ ዘንድ ሲሄድ "አልሮጥ አለኝ" ከማለት ይልቅ ምን እንደጎደለ ያሳያል፡፡ ያልተበላሸ ዕቃ ከመግዛትም ይድናል፡፡