በመንገድ ዳር የፈሰሰ ነዳጅና ወንዛችን

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ የማያውቅ የለም። እኔ ግን ትርጉሙን በሚገባ የተረዳሁት ባለፈው ክረምት ከአጎቴ ጋር ከአሰላ ወደ ሳጉሬ ስንሄድ ባየሁት ነገር ነው።

በርሜል የጫነ አንድ መኪና ከመንገዱ ወጥቶ በቦዩ ውስጥ ተጋድሞ ነበር። ከተሰነጠቀ በርሜል የፈሰሰው ነዳጅም ቦዩን ተከትሎ ቁልቁል ወደ ጅረቱ ይወርድ ነበር። አንዳንዶች ለመቅዳት ጄሪካን ይዘው ሲሮጡ፣ እኔም በበኩሌ መልካም የሠራሁ መስሎኝ መንገዱን ለማጠብ ባልዲ ውሃ አመጣሁ። ቀድሞ በመንገድ ሥራ ያገለገሉ አንድ ሽማግሌ ግን እጄን ይዘው «ተው ልጄ! መንገዱን አጠብኩ ስትል ወንዙን ታበላሻለህ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ለአንባቢዎች ለማካፈል ይህን ጽፌአለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠበቀው የሰው ሕይወት ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ ይሄዳል፤ እንደ አርሲ ባለ ብርዳም ደጋ እንኳ መትነኑን አይተውም። ራቅ ብሎ ካለ እሳት ሲደርስም ተቀጣጥሎ ወደ መጣበት ይመለሳል። በ2001 ዓ.ም. በኬንያ ሳቻንግዋን በተባለ ስፍራ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በታንዛንያ ሞሮጎሮ፣ ከተገለበጠ ቦቴ ነዳጅ ለመቅዳት የተሰበሰበ ብዙ ሕዝብ በእሳት አልቋል። በኬንያው አደጋ ብቻ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ የፈሰሰው ቤንዚን ከሆነ፣ ሰውን ከማራቅና ፖሊስ ከመጥራት በቀር የተማሪ ሥራ የለም።

ናፍጣ ግን እንደ ቤንዚን ቶሎ አይቀጣጠልም። ሽማግሌው ሾፌሩን ጠይቀው ናፍጣ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ሰዉን አራቁ፤ ሲጋራም አስጠፉ። ከዚያም አካፋ ተውሰው፣ ናፍጣው ገና ካልደረሰበት ዝቅ ያለ ስፍራ ላይ ቦዩን በአፈር ገደቡት። የዝናብ ውሃ ከኋላ እየመጣ ግድቡን ሊያፈርሰው በቀረበ ጊዜ፣ በግርጌው ቁራጭ ቧንቧ ቀበሩ፤ የመግቢያውን ጫፍ ዝቅ፣ የመውጫውን ጫፍ ከፍ አደረጉት። ናፍጣ ከውሃ ስለሚቀልል ከላይ ተንሳፎ ይቀራል፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ግን በቧንቧው ያልፋል። ከዚያ በኋላ የገብስ ገለባ በትነን ናፍጣውን አስመጠጥነው፤ ገለባውንና የራሰውን አፈርም ዝናብ እንዳያጥበው ሰብስበን በሸራ ሸፈንነው።

በኦሞ ማጠብም መድኃኒት አይደለም፤ ነዳጁን አድቅቆ ከውሃው ጋር ያዋሕደዋልና። ናፍጣ በውሃ ላይ እንደ ስስ ልባስ ተዘርግቶ አየር እንዳይገባ ይከለክላል፤ ለዓሣም መርዝ ነው።

ያም ሆኖ ከግድቡ በፊት ያመለጠው ናፍጣ በጅረቱ ላይ ቀስተ ደመና መስሎ ታየ። አንዲት እናት እንስራቸውን ይዘው ሊቀዱ ሲወርዱ አጎቴ ሮጦ ከለከላቸው። ነዳጅ የገባበት ውሃ በማፍላት አይጠራምና፣ ከታች ላሉት ሰዎች ሁሉ እንዳይቀዱና ከብት እንዳያጠጡ ልጆች ተላኩ።

ያ ጅረት ወደ ከታር ወንዝ ይገባል። ከታር ከአርሲ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይፈስሳል፤ የዝዋይም ውሃ በቡልቡላ ወንዝ በኩል በብሔራዊ ፓርክነት ወደ ተከለለው ወደ አብያታ ይወርዳል። እንግዲህ በአሰላ መንገድ የፈሰሰ ነዳጅ የአሰላ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም ወጪውን እንዲከፍል ያዛል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወጪው የሚከፈለው ውሃው ከተበላሸ በኋላ ነው። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ነዳጅ ፈስሶ ስታዩ ጄሪካንም ባልዲም አታንሡ። መጀመሪያ ሰው ይራቅ፣ ቀጥሎም በአካፋ የተዛቀ አፈር ከወንዙ በፊት ይድረስ።