ሳይቴሽን ቆጥሮ ማዕረግ መስጠት

የአንድ የሥነ ልቦና መምህር የማዕረግ እድገት ፋይል ሲከፈት ዐይን ቀድሞ የሚያርፈው ቁጥር ላይ ነው፤ ስንት ጽሑፍ፣ ስንት ሳይቴሽን (በሌሎች ጽሑፎች መጠቀስ)፣ ኤች ኢንዴክሱስ? ይህን የመጨረሻውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ተመራማሪ ነው። አሥር ጽሑፎቹ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አሥር ጊዜ የተጠቀሱለት ሰው ኢንዴክሱ 10 ነው። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፋይል ለሚመረምር ባለሙያ ግን ችግሩ ከስሌቱ በፊት ከስም ይጀምራል። ሳይቴሽን የሚቆጥሩ የውጭ መዝገቦች የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይይዛሉ። በኢትዮጵያ ስላለው የአካል ጉዳት እ.ኤ.አ. በ2005 መጽሐፍ ያሳተሙት ፕሮፌሰር ጥሩሰው ተፈራ አንዱ ጋ በራሳቸው፣ ሌላው ጋ በአባታቸው ስም ሊመዘገቡ ይችላሉ፤ «ተፈራ» በላቲን ፊደል በአንድ «አር» ወይም በሁለት ሲጻፍ ደግሞ ሦስተኛ ሰው ይወጣል። ሥራው በሦስት ስም የተበተነ ምሁር በአንዱም ስም ሙሉ ቁጥሩን አያገኝም።

ስሙ ቢስተካከል እንኳ መዝገቡ የሚቆጥረው ያየውን ብቻ ነው። የኢትዮጵያ የትምህርት ጆርናል እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የሚታተም ቢሆንም፣ በወረቀት ብቻ የቀረ የቆየ እትም ማን እንደጠቀሰው ኮምፒውተር አያውቅም። መምህሩ ለክፍል ያዘጋጀው ሞጁል ከዩኒቨርሲቲው በር እስከ ፒያሳ ባሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች እየተባዛና እየተጠረዘ ተማሪ እጅ ይገባል፤ ለኢንዴክሱ ግን ዜሮ ነው። በሥነ ልቦና ላይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለ። ተመራማሪው ጄፍሪ አርኔት እ.ኤ.አ. በ2008 ስድስት ታላላቅ የአሜሪካ ጆርናሎችን ፈትሾ ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶው ከምዕራባውያን ባለኢንዱስትሪ አገሮች የመጡ መሆናቸውን አሳይቷል። የአራዳ ሕፃናትን ጠባይ ያጠና ጽሑፍ እንዲህ ባለ መድረክ ጥቂት ጠቃሽ ቢያገኝ የጥናቱ ድክመት ነው ማለት አይቻልም።

ቁጥሩ ይቅር ከተባለ እድገት በትውውቅ ይሆናል የሚል መልስ ይመጣል። ስጋቱ እውነት ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ቤት ቁጥር ያስቀረው አድልዎ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ይቅር አልልም። የምለው ቁጥሩ ዝናን እንጂ ትክክለኛነትን አይለካም ነው። የ20ኛውን ክፍለ ዘመን ታዋቂ የሥነ ልቦና ሊቃውንት በደረጃ ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. የ2002 ጥናት በጆርናል ሳይቴሽን ከፍሮይድና ከፒያዤ ቀጥሎ ሦስተኛ ያደረገው ሃንስ አይዘንክን ነው። ይኸው ሰው ይሠራበት የነበረውን ተቋም ኋላ የጠቀለለው ኪንግስ ኮሌጅ ለንደን እ.ኤ.አ. በ2019 ባደረገው ማጣራት ከሌላ ተመራማሪ ጋር ያሳተማቸው 26 ጽሑፎች እምነት የማይጣልባቸው ሆነው ተገኙ። ጠባይን ከካንሰርና ከልብ ሕመም ሞት ጋር የሚያያይዙ ጽሑፎች ናቸው። ለመንቀፍ የጠቀሳቸውም ለማመስገን የጠቀሳቸውም በቆጠራው እኩል ናቸው።

ታዲያ ጽሑፉ ራሱ ይነበብ ሲባል፣ ማዕረግ የሚሰጠው ኮሚቴ የሚያነብበት ጊዜ የለውም የሚሉም አሉ። እድገት ጠያቂው ራሱ የመረጣቸውን ሦስት ሥራዎች፣ ከተፈለገም አንዱን በአማርኛ የተጻፈ፣ ያቅርብ፤ ቁጥሩም ስሙ የተጻፈባቸው መልኮች ሁሉ ተደምረው አብሮ ይያያዝ። ሦስት የጆርናል ጽሑፍ ማንበብ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ማዕረጉ ግን መምህሩን እስከ ጡረታው ይከተለዋል።