ቃጠሎና ነርቭ፦ የማያምም ቃጠሎ ቀላል ላይሆን ይችላል

በቆዳችን ውስጥ ሙቀትን፣ ቅዝቃዜን፣ ንክኪንና ሕመምን ለአንጎል የሚያሳውቁ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። ቆዳ ሲቃጠል እነዚህ ነርቮችም አብረው ይጎዳሉ። ይህ ጽሑፍ ነርቮች ቁስል እንዲድን ምን እንደሚያደርጉና እርስዎ ምን ማድረግ እንዳለብዎ ያስረዳል።

ካላመመኝ ቀላል ነው ማለት ነው?

አይደለም። የላይኛውን ቆዳ ብቻ የነካ ወይም ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ ብዙውን ጊዜ በጣም ያማል፤ ነርቮቹ ተጎዱ እንጂ አልሞቱምና። ቃጠሎው ዘልቆ የቆዳውን ንብርብር በሙሉ ሲያጠፋ ግን ነርቮቹም አብረው ይጠፋሉ። ቦታው ነጭ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ እንደ ደረቀ ቆዳ ሊጠነክርና ሲነኩት ላይሰማዎት ይችላል። ይህ ከባድ ቃጠሎ ስለሆነ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላት በቀላሉ ስለማይታይ በቀለሙ ብቻ አይፍረዱ።

ነርቮች ቁስሉን እንዴት ይረዳሉ?

ነርቮች ሕመም ከማሳወቅ ሌላ ሥራም አላቸው። ቆዳ ሲጎዳ ከጫፋቸው ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ። እነዚህም፦

• የደም ሥሮችን በማስፋት ወደ ቁስሉ ብዙ ደም እንዲደርስ ያደርጋሉ፤
• በሽታን የሚከላከሉ ሴሎችን ይጠራሉ፤
• አዲስ የቆዳ ሴሎች እንዲያድጉ ያነሳሳሉ።

ስለዚህ ነርቮቹ ክፉኛ የተጎዱበት ቆዳ ቀስ ብሎ ሊድን ይችላል።

ከባድ ሕመምና እንቅልፍ ማጣት ሰውነት የጭንቀት ሆርሞን እንዲያመነጭ ያደርጋሉ፤ ይህም መዳንን ሊያዘገይ ይችላል። ሕመሙን ችሎ ዝም ማለት ቁስሉን አይጠቅምም። ሕመምዎን ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የታዘዘልዎትን ማስታገሻም በትእዛዙ መሠረት ይውሰዱ።

ቁስሉ ጠግጎ ለምን ያሳክከኛል?

ነርቮች እንደገና ሲያድጉ ማሳከክ፣ መጠቅጠቅ ወይም የመወጋት ስሜት የተለመደ ነው። ለወራት ሊቆይ ይችላል። አይከኩት፤ አዲሱ ቆዳ ስስ ስለሆነ በቀላሉ ይላጣል። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ሽታ የሌለው ቅባት ይቀቡት፤ ከፀሐይም ይከልሉት። እንቅልፍ ከነሳዎት መድኃኒት ስላለ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ቃጠሎው ጥልቅ ከነበረ ወይም ከሌላ ቦታ ቆዳ ተወስዶ ከተተከለልዎት፣ ስሜቱ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። በደነዘዘ ቆዳ የውሃ ሙቀት አይለኩ።

የስኳር በሽታ ካለብዎ

የስኳር በሽታ የእግር ነርቮችን ሊያደነዝዝ ይችላል። እግራቸውን በሙቅ ውሃ ሲዘፈዝፉ፣ በማሞቂያ ወይም በከሰል ምድጃ አጠገብ ሲቀመጡ ሳይሰማቸው የሚቃጠሉ ሰዎች አሉ። ውሃውን በክርንዎ ወይም በቴርሞሜትር ይለኩ። የቤትዎ የውሃ ማሞቂያ ከ120 ዲግሪ ፋራናይት (49 ዲግሪ ሴልሺየስ) እንዳይበልጥ ያድርጉ። እግርዎን በየቀኑ ይመልከቱ።

ሲቃጠሉ ወዲያውኑ

• በሚፈስ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያቀዝቅዙት። በረዶ አይጠቀሙ። በተለይ ሕፃናት እንዳይበርዳቸው ሌላውን አካላቸውን ይሸፍኑ።
• እብጠት ሳይጀምር ቀለበትና አምባር ያውልቁ። ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ልብስ ግን አይላጡ።
• ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ሊጥ ወይም የቡና ዱቄት አይቀቡበት።
• ውሃ የቋጠረውን አያፍርጡ። በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርገው ይሸፍኑት።

ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ

• ቃጠሎው ከእጅዎ መዳፍ ከሰፋ፤
• ፊትን፣ እጅን፣ እግርን፣ መገጣጠሚያን ወይም ብልትን ከነካ፤
• ቦታው ከደነዘዘ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ፤
• በኤሌክትሪክ ወይም በኬሚካል ከሆነ፤
• መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ ትኩሳት ወይም እየባሰ የሚሄድ ሕመም ከመጣ።

ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ወደ 911 ይደውሉ። “አማርኛ” ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ክፍያ የለውም።