አፍሮዲቴ (የስሟ ትርጉምና ምንጭ)

አፍሮዲቴ በጥንታዊ ግሪኮች እምነት የፍቅርና የቁንጅና አምላክ ነበረች። ሮማውያን ቬኑስ ከምትባለው ከራሳቸው አምላክ ጋር አንድ አድርገዋታል። ስሟ ብዙ ጊዜ «ከአረፋ የተወለደች» ተብሎ ይተረጎማል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የዛሬ የቋንቋ ሊቃውንት ይህን የስሙ እውነተኛ ምንጭ አድርገው አይቀበሉትም።

የግሪኮች ትርጓሜ

በግሪክኛ «አፍሮስ» ማለት «አረፋ» ነው። በ700 ዓክልበ. ገደማ የነበረው ባለቅኔ ሄሲዮድ «ቴዎጎኒያ» (የአማልክት ትውልድ) በተባለው ሥራው እንደሚተርከው፣ ክሮኖስ የአባቱን የኡራኖስን ብልት በማጭድ ቆርጦ ወደ ባሕር ጣለው። በዙሪያው ነጭ አረፋ ተነሣ፤ ከአረፋውም አፍሮዲቴ ተወለደች። መጀመሪያ ወደ ኪቴራ ደሴት ቀረበች፣ በኋላም በቆጵሮስ ከባሕር ወጣች።

ይህ ትርጓሜ ሁለት ችግሮች አሉበት። አንደኛ፣ «አፍሮ» የሚለውን ክፍል ቢፈታም «ዲቴ» የሚለው ግልጽ ትርጉም ሳያገኝ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ሆሜር በ«ኢሊያድ» የዜውስና የዲዮኔ ልጅ ስለሚያደርጋት፣ የአረፋው ልደት ግሪኮች ሁሉ የተስማሙበት ታሪክ አልነበረም። ስለዚህ ታሪኩ ስሙን ሳይሆን ስሙ ታሪኩን ሳይወልደው አልቀረም ይባላል። ሰዎች ምንጩ የጠፋባቸውን ስም በሚያውቁት ቃል ሲፈቱ «ሕዝባዊ ሥርወ ቃል» ይሰኛል።

የምሥራቅ ምንጭ

ሄሮዶቶስ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ዓክልበ. እንደጻፈው፣ ከሁሉ የሚቀድመው የ«ሰማያዊት አፍሮዲቴ» ቤተ መቅደስ በአስቀሎና ነበረ፤ የቆጵሮሱ ከዚያ ተመሠረተ፤ የኪቴራውንም ፊንቄያውያን አቆሙት። ከዚህም ሌላ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በተፈታው «ሊኒያር ቢ» በተባለው የጥንት ግሪክኛ ጽሕፈት የዜውስ፣ የሄራና የፖሰይዶን ስሞች ሲገኙ የአፍሮዲቴ ስም አልተገኘም።

በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሊቃውንት ስሙን ከፊንቄያውያን አምላክ ከ«ዐሽታርት» ጋር ያያይዙታል። ይህች በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «አስታሮት» የተባለችው ናት። በሐሳባቸው፣ ግሪኮች ባዕዱን ስም ሲጠሩ «አፍሮስ» ወደሚለው ቃላቸው አስጠጉት። ይሁንና «ሽት» የሚለው ድምፅ ወደ «ፍር» የተለወጠበት ሌላ ምሳሌ ስለማይታወቅ ክርክሩ አልተዘጋም።

ዐስተርና የአክሱም ጽሕፈቶች

የዐሽታርት ስም በኢትዮጵያም ዘመድ አለው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ኢዛና ከተጻፉት የግዕዝ ጽሕፈቶች በአንዱ «ዐስተር» የተባለ አምላክ ከ«ብሔር» እና ከ«ምድር» ጋር ተጠርቷል። የባቢሎን «ኢሽታር» እና የደቡብ ዐረብ ወንድ አምላክ «ዐትተር» ከዚሁ ጥንታዊ ሴማዊ ስም የወጡ ናቸው።

እዚህ ላይ ማስረጃው መመሳሰል ብቻ አይደለም። በዕብራይስጥ «ሽ» የሆነው ጥንታዊ ድምፅ በግዕዝ «ስ» ይሆናል፤ ለምሳሌ የዕብራይስጡ «ሽሞኔ» (ስምንት) በግዕዝ «ሰማኒ» ነው። ዐሽታርትና ዐስተር ይህን ሕግ ይከተላሉ። የአፍሮዲቴ ስም ግን እንዲህ ያለ ሕግ ስላልተገኘለት፣ አምልኮዋ ከምሥራቅ ስለ መምጣቱ ያለው ማስረጃ ከስሟ ማስረጃ ይልቅ ጠንካራ ነው።