ድርቆሽ የሚመረጠው በጥቅምት ነው

ከደባርቅ ተነስቶ ሳንቃበርን አልፎ ወደ ጨነቅ የሚዘልቀው የሰሜን ተራሮች መንገድ አምባራስ ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርን ተሻግሯል። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስ ይዘራበታል፣ በግ ይረባበታል፣ በቅሎ ይጫንበታል። ለምለም ሳር የሚገኘው ግን በዓመት ለጥቂት ወራት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጥለው ዝናብ ሳሩን ያፋፋዋል፤ ጥቅምት ሲገባ የሌሊቱ ውርጭ እድገቱን ይገታዋል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ግጦሹ ተግጦ ተግጦ መሬቱ ይራቆታል። ያን ጊዜ በጉንም በቅሎውንም ለክረምት የሚያደርሳቸው በጊዜው ታጭዶ፣ ደርቆና ተከምሮ የቆየ ሳር ነው፤ ድርቆሽ።

ሳር ማድረቅ ምን ጥበብ አለው ያሰኛል። ሆኖም ከአንድ መስክ የወጡ ሁለት ክምሮች ቁመታቸው እኩል ሆኖ አንዱ በግ ሲያደልብ ሌላው ሆድ ከመሙላት አያልፍም። ልዩነቱን የሚያመጡት ሳሩ የታጨደበት ሰሞንና ከታጨደ በኋላ ያሉት ሦስት አራት ቀናት ናቸው። ገበያ ላይም ሆነ በረት ደጃፍ የሚደረገው ምርጫ ያኔ የተወሰነውን ከማወቅ አያልፍም።

ድርቆሽና ገለባ

በብዙ ቤት ሁለቱ በአንድ ግርግም ይቀርባሉ፤ በምግብነታቸው ግን አይገናኙም። ገለባ ፍሬውን ሰጥቶ የጨረሰ አገዳ ነው። ገብሱ በቅጠሉና በአገዳው ያከማቸውን ወደ ዛላው አሻግሯል፤ ፍሬው አውድማ ላይ ከተለየ በኋላ የሚቀረው ባብዛኛው አሰር ነው። ድርቆሽ ግን ተክሉ ጉልበቱን በቅጠሉ እንደያዘ የሚታጨድ ነው፤ መሆን ያለበት እንደዚያ ነው።

በሬና በግ የበሉትን የሚያብላሉት ብቻቸውን አይደለም። በትልቁ ጨጓራቸው ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አሰሩን ይሰባብሩላቸዋል። እነዚህ ተሕዋስያን ራሳቸው ምግብ ይሻሉ፤ መኖው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከደረቅ ክብደቱ ከ7 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ሥራቸው ይዳከማል። ያን ጊዜ የተበላው ጨጓራ ውስጥ ይሰነብታል፣ እንስሳው የጠገበ ይመስላል፣ መብላቱን ይቀንሳል። ግርግሙ ሙሉ ሆኖ ይከሳል። ገለባ ብዙ ጊዜ ከዚህ መስመር በታች ነው፤ አርፍዶ የታጨደ ሳርም እንዲሁ።

ሆዱ ያነሰ ምርጫው የበዛ

ድርቆሹ ደካማ መሆኑን መጀመሪያ የሚናገረው በሬው ሳይሆን ጠቦቱ ነው። የበሬ ጨጓራ ሰፊ በመሆኑ ሻካራውን ሳር ረጅም ጊዜ ይዞ ያብላላዋል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ የሚያስፈልገው ኃይልም አነስተኛ ነው። ሰውነት ባነሰ ቁጥር ለአንድ ኪሎ ክብደት የሚፈለገው ምግብ ይጨምራል፤ የሆዱ ስፋት ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ስለዚህ ግልገል፣ ጠቦት ወይም ጥንቸል በብዛት ሊካካስ የማይችል ጥራት ይፈልጋል።

ለዚህ አምባራስ ዙሪያ ጥሩ አስረጂ አለ፤ ጭላዳ። ወንዱ 20 ኪሎ ገደማ፣ ሴቷ ከዚያ በጣም ያነሰች ናት፤ ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ኑሮውን በሳር ላይ የመሠረተ ይኸው እንስሳ ብቻ ነው። ሲበላ ላስተዋለው ትምህርት ይሰጣል። መሬት ላይ ተቀምጦ ሁለት እጆቹን በየተራ እየሰደደ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ለምለሙን ቅጠል ነጥሎ ይነጫል፤ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይልከዋል፤ የደረቀውን አገዳ ትቶ በተቀመጠበት ፈቀቅ ይላል። በበጋ ቅጠሉ ሲሳሳ አፈሩን ቆፍሮ ሥር ያወጣል። በግም መስክ ላይ በከንፈሩ እንዲሁ ይመርጣል። በረት ውስጥ ያለ ጠቦት ግን የሚመርጥበት መስክ የለውም፤ የመረጠለት አጫጁ ነው።

ምን ሳር፣ መቼ?

በደጋው ሜዳ ከሚገኙት መካከል ማገጥ የተለየ ቦታ አለው። ከአተርና ከባቄላ ወገን ስለሆነ ፕሮቲኑ ከተራ ሳር ይበልጣል፤ ማገጥ የበዛበት ድርቆሽ ለሚያጠቡ በጎችና ለግልገሎች ቢቀመጥ ያዋጣል። ጋጃና ሰርዶ በወቅቱ ከታጨዱ ጥሩ መኖ ናቸው። ሰምበሌጥና ጓሳ በለጋነታቸው ይጋጣሉ፤ ከጎለመሱ ግን ዋና ጥቅማቸው ለቤት ክዳን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጣሪያ ላይ ዝናብን ለዓመታት የሚቋቋም አገዳ የጨጓራ ተሕዋስያንንም ይቋቋማል።

ሳር እስኪያብብ ድረስ ክብደቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ጥራቱም ገና አልጠፋም። ዘር ከያዘ በኋላ ግን ቅጠሉ ይረግፋል፣ አገዳው ይጠነክራል፣ ፕሮቲኑ ይወርዳል። ስለዚህ ማጭድ የሚነሣበት ትክክለኛ ጊዜ አብዛኛው ሳር አበባ የያዘበት ሰሞን ነው፤ በሰሜን ደጋ እንደ ዝናቡ አወጣጥና እንደ ቦታው ከፍታ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ማለቂያ ባለው ጊዜ ይውላል።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን ዝናቡ ጨርሶ አልወጣም፤ ጉሙም እስከ ረፋድ አይለቅም። አስከትሎ የእህል አጨዳና ውቂያ ይመጣል፤ የቤቱ ጉልበት ሁሉ ወደ ማሳውና ወደ አውድማው ይሄዳል። ሳሩ ተራው እስኪደርሰው ኅዳር ያልፋል፣ ታኅሣሥ ይገባል። ያኔ የሚታጨደው ቁመቱ ዓይን የሚሞላ፣ ቆሞ የደረቀ ቢጫ ሳር ነው። ለማድረቅ አያስቸግርም፤ ለእንስሳው የሚሰጠውም ያንኑ ያህል ጥቂት ነው።

ከማጭድ እስከ ክምር

እርጥብ ሳር ከ70 እስከ 80 በመቶ ውሃ ነው። ከመከመሩ በፊት ይህ ወደ 15 በመቶ ገደማ መውረድ አለበት። አጨዳው ጤዛው ከረገፈ በኋላ ይጀመራል፤ ሳሩ ሳሳ ብሎ ይሰጣል፤ ቀን ላይ ይገላበጣል፤ ጀምበር ሳትጠልቅ የሌሊቱ ጤዛና አመዳይ እንዳይመልሰው በትንንሽ ቁልል ይሰበሰባል፤ በማግስቱ እንደገና ይበተናል። ፀሐይና ነፋስ ካገኘ በሦስት ቀን ገደማ ይደርሳል።

ፀሐይ ላይ ማቆየትም ገደብ አለው። ለቫይታሚን ኤ መሠረት የሆነው ንጥረ ነገር ከአረንጓዴው ቀለም ጋር አብሮ ይጠፋል። ማገጥ ሲበዛበት ደግሞ ቅጠሉ ሲነኩት ይፈረፈራል፤ መስኩ ላይ የሚቀረው ዱቄት የድርቆሹ ምርጥ ክፍል ነው። ማገጥ ያለበትን ሳር ጠዋት፣ ገና ለስለስ ብሎ ሳለ ማገላበጥ ይህን ኪሳራ ይቀንሳል።

መድረሱን ለማወቅ እፍኝ ሳር በሁለት እጅ እንደ ገመድ መጠምዘዝ ነው። አገዳው ውሃ ካዘለ አልደረሰም፤ ጥቂት ተጠማዝዞ ከተሰበረ ደርሷል። ሌላው መንገድ ጨው ነው። የተቆራረጠ ድርቆሽ በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ከደረቅ ጨው ጋር አድርጎ ለጥቂት ጊዜ መነቅነቅ፤ ጨው ከተጓጎለ ሳሩ ገና እርጥበት አለው፤ ሳይጓጎል ከቀረ መከመር ይቻላል።

እርጥቡን የከመረ ሰው ዋጋውን በኋላ ይከፍላል። ክምሩ ከውስጥ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ሙቀቱ ከበረታም ያለ ክብሪት ይነዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ረጅም ብረት እስከ መሃሉ ሰክቶ፣ ጥቂት አቆይቶ አውጥቶ መዳሰስ ከዚህ ያድናል፤ ብረቱ እጅ ላይ ካቃጠለ ክምሩ መፍረስ አለበት። ክምሩ ከመሬት እርጥበት እንዲርቅ በድንጋይና በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጣል፤ አናቱ ጉልላት ይመስላል፤ ለመኖ ያልበጀው ሰምበሌጥ ለክምሩ ክዳን የሚበጀውም እዚህ ላይ ነው።

ሲገዙ

ደባርቅ ላይ በሸክም፣ አዲስ አበባ ላይ ከሱሉልታና ከአካባቢው በማሽን ታስሮ የሚመጣውን ለሚገዛ ሰው ፈተናው አንድ ነው፤ እስሩን ወይም ሸክሙን ፈትቶ መሃሉን ማየት። ላዩ ፀሐይ መትቶት ቢነጣ ነውር የለውም። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ በጊዜው ታጭዷል፤ ወጥ ቢጫ ከሆነ ቆሞ ደርቋል፤ ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ከሆነ ክምር ውስጥ ሞቋል። ጥሩ ድርቆሽ ደስ የሚል የሳር ሽታ አለው፤ የትምባሆ ዓይነት ሽታ የመሞቅ፣ የእርጥብ ቤት ሽታ የሻጋታ ምልክት ነው። አገላብጠው ሲያራግፉት ነጭ ብናኝ ከተነሣ አለመግዛት ይሻላል። ከመጠኑ ያለፈ ክብደት ውሃ መግዛት ነው። በመጨረሻ እጅዎን ያስገቡ፤ ቅጠሉ ከአገዳው ይበዛል ወይስ አገዳው ይበልጣል? ኮሸሽላና ሌላ እሾህ ካለበት የእንስሳው አፍ ይቆስላል።

ሲያቀርቡ

በቅሎ ደባርቅ ላይ የጎብኚዎችን ጓዝ ወደ ተራራ የምታወጣ ሠራተኛ ናት። እንደ በግ አታመነዥክም፤ ሳሩ የሚብላላው ከኋላ፣ ትልቁ አንጀቷ ውስጥ ነው። የበላችውን ማስመለስ ስለማትችል የሻገተ ድርቆሽ ለብርቱ የሆድ ቁርጠት ይዳርጋታል፤ ብናኙም ያስላታል። በቀን ከክብደቷ 2 በመቶ ያህል መኖ ትፈልጋለች፤ 200 ኪሎ ለምትመዝን 4 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ብናኝ ያለበትን ጥቂት ውሃ አርከፍክፎ መስጠት ሳሏን ያቀልላታል፤ ሻጋታን ግን ውሃ አያድነውም።

የሰሜን በግ ጠጉራም ነው፣ ብርዱንም ይችላል፤ ብርዱን የሚችለው ግን ሆዱ ሲሠራ ነው፤ አሰር ሲብላላ ሙቀት ይሰጣልና። 25 ኪሎ ለሚመዝን በግ በቀን ሦስት አራተኛ ኪሎ ያህል ድርቆሽ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ጊዜ ተከፍሎ፣ እንዳይረገጥ ከመሬት ከፍ ባለ ግርግም ይቀርብለታል። ግልገል ከተወለደ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ሳር መቀማመስ ስለሚጀምር ቅጠላሙን ለብቻው ማቅረብ ተገቢ ነው። ከአንድ መኖ ወደ ሌላ ሲዞሩ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ቀስ በቀስ እየቀላቀሉ ነው፤ የሆድ ተሕዋስያን ለመላመድ ጊዜ ይፈልጋሉ።

ከተማ ውስጥ ጥንቸል ለሚያሳድግ ቤተሰብም ሕጉ ከበቅሎዋ አይርቅም፤ ጥንቸልም ምግቡን የሚያብላላው በኋላኛው አንጀቱ ነው። ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል፤ የፊተኞቹ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ። የሚሞርደው ረጅም ሳር ማኘክ ነው፤ ያ ሲጎድል ጥርሱ ይወላገዳል፣ አንጀቱም ይቆማል። ስለዚህ ድርቆሽ ከፊቱ መታጣት የለበትም፤ በቀን ቢያንስ የራሱን ሰውነት የሚያህል ክምችት ይቀመጥለት። አልፋልፋ ለሚያድግ ጥንቸል ይሆናል፤ ለአዋቂው ግን ካልሲየሙ ስለሚበዛ ለፊኛ ጠጠር ያጋልጠዋል። ጎመንና ካሮት ተጨማሪ እንጂ ዋና ምግብ አይደሉም።

ፓርኩና ሁለቱ ክምር

በአምባራስ ዙሪያ ሳር የግል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ከስጋቶቹ አንዱ የቤት እንስሳት ግጦሽ ነበር፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎችም በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ዋልያውና ጭላዳው ከበጉና ከከብቱ ጋር በአንድ ሜዳ ሲሻሙ ሳሩ ዘር ሳያፈራ፣ ሥሩ ሳይጸና ይጋጣል። የተከለለ ቦታ አጭዶ ማብላት መሬቱን ከኮቴ ያሳርፋል፣ ፍጉንም ለማሳ ያስቀራል። የሚጠይቀው ጉልበት ነው፤ ያውም እጅ በሚያጥርበት በጥቅምት።

ስለዚህ አንድ ቤት ሳሩን በሙሉ በወቅቱ ማጨድ ካልቻለ የሚያዋጣው ሁለት ክምር መከመር ነው። የመጀመሪያው ትንሽ ነው፤ በጥቅምት ሁለት ሦስት ፀሐያማ ቀን ተጠብቆ ማገጥ ከበዛበት ማዕዘን ይታጨዳል፤ የሚያጠቡ በጎች፣ ግልገሎችና ጭነት ያለባት በቅሎ የሚበሉት ከዚህ ነው። ሁለተኛው ውቂያው ሲያልቅ የሚታጨደውና ገለባው ነው፤ ለበሬውና ለአዋቂ ከብት ይውላል። ገለባውን በዩሪያ ማሻሻልም ይቻላል፤ ለ100 ኪሎ 5 ኪሎ ዩሪያ በውሃ ተበጥብጦ ይረጭና አየር እንዳይገባ ይታፈናል። ሞቅ ባለ አገር ሦስት ሳምንት ይበቃዋል፤ በአምባራስ ብርድ ከዚያ በላይ ይቆያል። ይህ ግን ለበቅሎም ለግልገልም አይሰጥም። ትልቁ ክምር የቤቱን ከብት ያቆያል፤ በሚያዝያ የግልገሎቹን ቁጥር የሚወስነው ትንሹ ነው፤ የሰው ጉልበት ሲያጥር መቅደም ያለበትም እሱ ነው።