በሄልሜት ግንባር ላይ የሚታተም ስም

መርካቶ ውስጥ አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት ቆሜያለሁ። ቢጫ ሄልሜቶች ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ባለሙያው አንዱን አንስቶ በንጹሕ ጨርቅ ወለወለና ከእንጨት በተጠረበ የራስ ቅርጽ ላይ ደፋው። ከበላዩ አንድ ለስላሳ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ሲነኩት እንደ ሕፃን ጉንጭ የሚሰረጎድ ሲሊኮን። ሲሊኮኑ ወደ ኋላ ሄደ፤ አንዲት የብረት ሳህን ሳመ፤ ተመለሰ። ከዚያ በሄልሜቱ ግንባር ላይ ወረደና ተጨፍልቆ ተነሳ። የአንድ ኮንትራክተር ዓርማና ስም በጥቁር ቀለም ጥርት ብሎ ወጣ።

“ጋሼ፣ ቀለሙን አይንኩት!” አለኝ ባለሙያው። ጣቴ ሳላውቀው ወደዚያው እየሄደ ነበር።

ይህ ሥራ ፓድ ፕሪንት ይባላል። ቲሸርትና ባነር የሚታተምበትን ስክሪን ፕሪንት ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ የተወጠረ ወንፊት ስለሆነ ግን ጠፍጣፋ ነገር ይወዳል። ሄልሜት እንደ ቅል ክብ ነው፤ መሐሉ ላይ ሸንተረር ያለውም አለ። ወንፊቱን በዚያ ላይ ብታስተኙት አንድ ቦታ ይነካል፣ ሌላው አየር ላይ ይቀራል። ችግሩን ቀድመው የፈቱት የስዊዘርላንድ ሰዓት ሠሪዎች ናቸው። በሰዓት ፊት ላይ ደቃቅ ቁጥሮችን ለማተም ከጄላቲን የተሠራ ለስላሳ ትራስ በእጅ ይጠቀሙ ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ጄላቲኑ በሲሊኮን ተተካ፣ ሥራውም ወደ ማሽን ገባ። ዛሬ እስክሪብቶ፣ የመርፌ መድኃኒት መስጫ ሲሪንጅ፣ የኮምፒውተር ቁልፍ፣ ሄልሜትም በዚሁ ዘዴ ይታተማል።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ጥበብ አለበት። ዓርማው መጀመሪያ ክሊሼ በሚባለው ሳህን ላይ ይቀረጻል፤ የጉድጓዱ ጥልቀት 25 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የአንድ ጸጉር ውፍረት ሲሶ ማለት ነው። ቀለሙን የያዘው ዕቃ የተገለበጠ ሲኒ ይመስላል። ሲኒው በሳህኑ ላይ ሲንሸራተት ጉድጓዶቹን ይሞላል፤ ምላጭ የመሰለው ከንፈሩ ደግሞ ትርፉን ጠርጎ ይወስዳል። ሲኒው ገሸሽ ሲል ቀለሙ ላይ ነፋስ ያርፍበታል። በቀለሙ ውስጥ ያለው ማሟሚያ መትነን ይጀምርና የላይኛው ገጹ ይጣበቃል። ሲሊኮኑ ሲጫነው ይህ የተጣበቀው ገጽ ይያዝለታል። ሲሊኮኑ ተነሥቶ እስኪደርስ ድረስ ደግሞ አሁን ወደ ውጭ የዞረው የቀለሙ ሌላ ገጽ በተራው ይጣበቃል። ስለዚህ ሄልሜቱን ሲነካ ቀለሙ ሲሊኮኑን ትቶ ወደ ፕላስቲኩ ይሄዳል። ሲሊኮን በተፈጥሮው አጥብቆ የሚይዘው ነገር የለም፤ እዚህ ላይ ይህ ባሕርዩ ሀብት ሆኗል። ጫፉ የሾጠጠውም ለውበት አይደለም። መጀመሪያ በመሐል ነክቶ ወደ ዳር እየተዘረጋ ሲሄድ አየሩን እየገፋ ያስወጣል፤ አየር ከታሰረ ፊደሉ መሐል ነጭ ቀዳዳ ይቀራል።

ሁሉም ነገር የሚወሰነው በዚያች የትነት ቅጽበት ስለሆነ ባለሙያው የአየሩን ጠባይ ያዳምጣል። አየሩ ደርቆ ሲሞቅ ቀለሙ ገና ሲሊኮኑ ላይ እንዳለ ይደርቅና አልለቅም ይላል፤ ያን ጊዜ ማዘግያ ጠብ ያደርጉበታል። እርጥብና ቀዝቃዛ ሲሆን ደግሞ መጠበቅ ግድ ነው።

የእኛ ፊደል እዚህ ቦታ የራሱ ፈተና አለው። በሄልሜት ግንባር ላይ ያለው ምቹ ስፍራ ከባንክ ካርድ ብዙም አይበልጥም። በዚያ ላይ “የቤቶችና የመንገድ ሥራዎች ተቋራጭ” የሚል ረጅም ስም አምጥተው በሁለት ረድፍ ይታተምልን የሚሉ አሉ። የ“ቤ” እግር ላይ ያለችው ቀለበት ስታንስ በቀለም ትሞላና ነጥብ ትሆናለች። የ“ች” አናት ላይ ያሉት ቅጥያዎች እርስ በርስ ይደፈናሉ፤ “ሥ” እና “ሦ” ከሁለት ሜትር ርቀት አይለዩም። የላቲን ፊደል ብዙ ጊዜ ከዚህ ይተርፋል፤ የእኛ ግን ድምፁን የሚሸከመው በትንሿ ጭረት ነው፤ እሷ ከጠፋች ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። ጥሩ ባለሙያ ስሙን ያሳጥራል፣ ፊደሉን ወፈር አድርጎ ቀለበቶቹን ከፈት ያደርጋል። እኔ ካየሁት ሁሉ ዓይን የሚይዘው ዓርማው ከላይ፣ ከሥሩ አንድ ወይም ሁለት ቃል ብቻ ያለበት ነው። በግንባር ላይ የሚነበብ ስም እንደ ግለሰብ መጠሪያ አጭር ሊሆን ይገባዋል።

እስካሁን ስለ ቀለም ተናገርኩ። ከቀለሙ ሥር ያለው ዕቃ ግን ነፍስ የሚጠብቅ ነው፤ ልቤ ያለውም እዚያ ነው።

ሄልሜት ሁለት ነገር ነው፤ ውጪ ያለው ቀፎና ውስጥ ያለው ማቀፊያ። ማቀፊያው ራስን ከቀፎው ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ያርቀዋል። የወደቀው ነገር ቀፎውን ሲመታ ቀፎው ጎበጥ ብሎ ኃይሉን ወደ ማሰሪያዎቹ ይበትናል፤ ማሰሪያዎቹ ይለጠጣሉ፤ አንገትና አከርካሪ የሚደርሳቸው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው። የአውሮፓው መለኪያ ኢኤን 397 እንዲህ ይፈትነዋል፤ 5 ኪሎ ግራም ብረት ከ1 ሜትር ከፍታ ይጣልበታል፤ ወደ ራስ የሚያልፈው ኃይል ከ5 ኪሎ ኒውተን መብለጥ የለበትም። ይህንን ወደ ሳይት ቋንቋ ልመልሰው። 1 ኪሎ መዶሻ ከ5 ሜትር ቢወድቅ የሚያመጣው ጉልበት ከዚያ ፈተና ጋር እኩል ነው። 5 ሜትር ሁለት ፎቅ እንኳ አይሞላም። ከአራተኛው ሶሌታ ላይ ግንበኛው እጅ ያመለጠ መዶሻ ሄልሜቱ ከተፈተነበት በላይ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ሄልሜት የሚባክን ጥንካሬ የለውም፤ ያለችው ሁሉ ለዚያች አንዲት ቀን ታስፈልገዋለች።

ቀለም፣ ቲነርና ማስቲሽ ይህችን ጥንካሬ ሊሰርቁ የሚችሉበት መንገድ አለ። አብዛኛው ሄልሜት ከሁለት ዓይነት ፕላስቲክ ይሠራል። አንዱ ኤቢኤስ ነው፤ የቴሌቪዥን ሪሞት የሚሠራበት። ቀለም በደንብ ይቀበላል፤ ከጠንካራ ማሟሚያ ጋር ግን አይስማማም። ቲነር ሲነካው ውስጡ ያለው ውጥረት ይፈታና ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይጀምራል። ሁለተኛው ፖሊ ኤትሊን ነው፤ የጀሪካን ዘመድ። ጀሪካን ላይ በማርከር የጻፈ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል፤ በጣት ሲያሹት ይለቃል። ውሃ ቢያንጠባጥቡበት ጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ጤዛ ይንኳለላል። እንዲህ ያለውን ለማተም የጋዝ ነበልባል በፍጥነት ፊቱን ላፍ አድርጎ ያልፍበታል፤ ሳያቀልጠው የላይኛውን ገጽ ብቻ ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ ያው ውሃ ይነጠፍበታል፣ ቀለሙም ይይዛል። ነበልባሉ ትንሽ ቢቆይ ግን ቀፎው ተጎዳ ማለት ስለሆነ ይህ ለጀማሪ የሚሰጥ ሥራ አይደለም።

አንድ ሳይት ላይ ያየሁትን ልናገር። የቀድሞው ሥራ ተቋራጭ ጥሎት የሄደውን ሄልሜት ሰብስበው የድሮውን ስም በቲነር ፍቀው አዲሱን አትመውበታል። ከሩቅ ያብረቀርቃል። አንዱን ቀርቤ በፀሐይ ሳየው በዓርማው ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ግንባሩን ሞልቶታል። በሁለት እጄ ጎንና ጎኑን ይዤ ጫን ሳደርገው ጠጠር ሲፈጭ ዓይነት ድምፅ ሰጠ። ያንን ሄልሜት ያደረገው ልጅ ሃያ ዓመት አይሞላውም፤ ፌሮ ተሸክሞ ከሥር ወደ ላይ ይመላለስ ነበር። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስቲከርም ጣጣ አለው። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ስንጥቅን ይሸፍናል፣ ማጣበቂያውም ከፕላስቲኩ ጋር መስማማቱ መረጋገጥ አለበት። የብረት ቅጠል ያለበት ስቲከር ደግሞ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጨርሶ አይሆንም። የታወቁ አምራቾች በየትኛው ቀለም፣ በየትኛው ስፍራ ማተም እንደሚፈቀድ ከዕቃው ጋር በሚመጣው ወረቀት ይጽፋሉ። ያ ወረቀት በአብዛኛው ከካርቶኑ ጋር ይጣላል።

ይህ ቆብ ራሱ ከጦር ሜዳ የመጣ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለማዕድን ሠራተኞች ዕቃ የሚያቀርብ የቡላርድ ቤተሰብ ነበር። ልጁ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የብረት ቁሩን ይዞ ተመለሰና በ1919 እ.ኤ.አ. ሸራ በእንፋሎት አብስሎ፣ በሙጫ አጠንክሮ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቶ ለማዕድን ሰዎች ቆብ ሠራ። በእንፋሎት ስለበሰለ “የተቀቀለ ቆብ” አሉት። በ1933 እ.ኤ.አ. የጎልደን ጌት ድልድይ ሥራ ሲጀመር ዋና መሐንዲሱ ጆሴፍ ስትራውስ ሠራተኛው ሁሉ ጠንካራ ቆብ እንዲያደርግ አዘዘ። ከዚያ ሸራው በአሉሚኒየም፣ አሉሚኒየሙ በፋይበር ግላስ፣ እሱም ዛሬ በምናውቀው ፕላስቲክ ተተካ።

ፕላስቲክ ሲመጣ ቀለም መጣ፤ ቀለም ሲመጣ ማዕረግ። እኛ ዘንድ ነጭ ሄልሜት ያደረገ ሰው ሲመጣ መሐንዲስ ወይም አማካሪ መጣ ተብሎ ፎርማኑ ድምፁን ያስተካክላል፤ ቢጫው የግንበኛና የቀን ሠራተኛ ነው። ይህ ግን የዓለም ሕግ አይደለም። እንግሊዝ አገር ጥቁሩ የተቆጣጣሪ፣ ብርቱካናማው ለክሬን ጭነት የሚያስርና ምልክት የሚሰጥ ሰው ነው። ስለዚህ ቀለሙ የሰውየውን ሥራ፣ ግንባሩ ላይ ያለው ስም ደግሞ የማን ሰው እንደሆነ ይናገራል። አንድ ትልቅ ሕንፃ ላይ ዋናው ተቋራጭ፣ የኤሌክትሪኩ፣ የአሉሚኒየሙና የሊፍቱ ሰዎች በአንድ ቀን ይገናኛሉ። አደጋ ሲደርስ፣ ሰው ሲቆጠር፣ እንግዳ ሰው ፌሮ ጭኖ ሲወጣ፣ ያ ስም ጥበቃው ከሩቅ የሚያነበው መታወቂያ ነው።

ለእኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለው። ስሙን በሰው ግንባር ላይ ያተመ ድርጅት “ይህ ራስ በእኔ ኃላፊነት ነው” ብሎ በአደባባይ ፈርሟል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው የአደጋ መከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስረዳ ያስገድዳል። ሆኖም ዓርማ ያለባቸው ንጹሕ ሄልሜቶች በቢሮው ቁም ሳጥን ለእንግዳ ተቀምጠው፣ ባሬላ የሚሸከሙት እናቶች በሻሽ ብቻ ሲወጡ የምናያቸው ሳይቶች ጥቂት አይደሉም። ከቢሮው ደጃፍ እስከ ሶሌታው ድረስ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ሄልሜቱ ግን እዚያ አይደርስም።

ለማሳተም የሚሄድ ሰው ሊጠይቀው የሚገባው ብዙ አይደለም። ሄልሜቱን ገልብጦ የጠርዙን ሥር ይመልከት፤ የመለኪያው ስም፣ የፕላስቲኩ ዓይነትና እንደ ሰዓት ቀስት ያለበት ትንሽ ክብ በፕላስቲኩ ላይ ተቀርጸዋል። ቀስቱ ወሩን፣ መሐሉ ዓመቱን ያሳያል፤ የተሠራበት ጊዜ ነው። ብዙ አምራቾች ቀፎው ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ እንዲለወጥ ይመክራሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ፕላስቲክን ቶሎ ታደክማለች፤ መንጣትና እንደ ዱቄት መላጥ ከጀመረ አምስቱን ዓመት መጠበቅ አያሻም። ያረጀ ሄልሜት ላይ አዲስ ስም ማተም ሠራተኛውን ማታለል ነው። ዓርማው ሄልሜቱ የተሠራበትን ጊዜና የመለኪያውን ስም እንዳይሸፍን፣ ማጽጃው ቲነር እንዳይሆን፣ ቀለሙም ለዚያ ፕላስቲክ የተሠራ እንዲሆን መጠየቅ ይበቃል። ጥቁር ሰማያዊ ቀፎ ላይ ነጭ ለማተም ከፈለጉ ሁለት ጊዜ እንደሚመታ ይወቁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከተመታ ግራጫ ይሆናል።

ወደ መርካቶ ልመለስ። ባለሙያው ቀለሙን ከማጠንከሪያ ጋር የሚበጠብጠው ለዕለቱ ሥራ ያህል ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ ለነገ አያድርም። ትናንት ከታተሙት አንዱን አነሣና ግልጽ ፕላስተር ቆርጦ ስሙ ላይ ለጠፈ፣ በአውራ ጣቱ ጠበቅ አድርጎ አሸ፣ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ላጠው። ፕላስተሩን ወደ በሩ ብርሃን አነሳ። ንጹሕ ነው፤ አንዲት ጥቁር ነጥብ የለበትም። “ቀለሙ ሙሉ በሙሉ እስኪጠና ገና ጥቂት ቀን ይፈልጋል” አለ ሄልሜቱን ካርቶኑ ውስጥ እያስገባ። ቀጥሎ የመመሪያውን ወረቀት ከወለሉ ላይ አንሥቶ አራገፈና ከላዩ አኖረው።